ደርቤ ያልሸሸ ለት

«እንግዲህ ምን ብዬ ላውርድለት?» አለች አልቃሿ ባንቻየሁ፣ ከሟች ሚስት ከአገርነሽ ጎን ቁጢጥ ብላ። የደርቤ ሠልስት ነው። ለቀስተኛው ደጅ ተሰብስቦ ሙሾውን ይጠብቃል።

የሟች ታናሽ ወንድም ዝናቡ ባልቴቲቱን ቀድሞ መለሰ። «ጦርነቱ ዳባት ደረሰ የተባለ ለት፣ አገር ምድሩ ወደ ጎንደር ሲሸሽ፣ ወንድሜ ብቻውን ጠመንጃውን ይዞ ቀዬውን ጠበቀ። ይችን ብትይ ይበቃል።»

ያችን ቀን የረሳ የለም። ቤት ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች መንሾካሾክ ጀመሩ። አንዷ ልጅ አዝላ፣ ዶሮ በጉያዋ ይዛ መንገድ የገባችበትን አነሣች፤ ሌላዋ በሯን ቆልፋ ቁልፉን እዚያው ሰክታው የሄደችበትን። ሲመለሱ ደጁ ላይ ቆሞ የተቀበላቸው ደርቤ ነበር። ጀግና ያሉትም ለዚያ ነው።

አገርነሽ ግን እውነቱን ታውቃለች። በዚያ ሰሞን ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ከአልጋ አትወርድም ነበር። «አንተ እንኳ ነፍስህን አውጣ» ብትለው፣ «ሄጄ ማን ሊጨቀጭቀኝ?» አላት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እሳት አጠገብ ደርሶ የማያውቀው ሰውዬ ጓዳ ገባ። ውሃው በዛበት፤ ሽሮ ጨመረ። ሽሮው በዛበት፤ ውሃ ጨመረ። መጨረሻው አረረ። ከማዶ መድፍ ያጓራል፣ ደርቤ ከጓዳ «ጨውሽን የት ነው የምትደብቂው?» ይላል። ያንን ያረረ ሽሮ እያጎረሳት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሰው ባለቀበት ቀን ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው፤ ለማንም ተናግራው አታውቅም። ከትዳሯ ቀን ሁሉ ግን የምትናፍቀው ያችኑ ነው።

«ሽሮ ሲሠራልኝ ነው የዋለ» አለች።

ዝናቡ ደነገጠ። «እቴ፣ በእመብርሃን ተይ። ወንድሜን በአደባባይ ወጥ ሠሪ ልታሰኚው ነው?»

«ጠመንጃ ያነሣ ሞልቷል፣ ዝናቡ። በሌላ ሰው ሙሾ ከሸኘነው የኔው ደርቤ ሳይለቀስለት መቅረቱ ነው።»

ባንቻየሁ ሁለቱንም አየት አድርጋ ወጣች። እነሱም ተከተሏት። ከለቀስተኛው ክብ መሃል ቆመችና አወረደችው፦

ሰው ነፍሱን ሊያተርፍ፣ አገር ጥሎ ሲሸሽ፣
ሽሮ ሲያሳርር ዋለ፣ ደርቤ ላገርነሽ።

ዝናቡ አንገቱን ደፋ። ትከሻው ሲርገበገብ ለቀስተኛው ያለቀሰ መስሎት ነበር፤ ሳቁ አምልጦት ነው። አፉን በመዳፉ አፍኖ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ እንባው በጣቶቹ መሃል እየወረደ ሳቀ።

አገርነሽ ባለችበት ደርቃ ቀረች። የወንድማማቾቹ ሳቅ አንድ መሆኑን እስከ ዛሬ ልብ ብላው አታውቅም ነበር። ወደ ዝናቡ ተጠግታ የጋቢውን ጫፍ ያዘች።

«ባንቻየሁ» አለች፣ «እስቲ ድገሚያት።»