ጓድ አርባ አምስት

በጫማ ፋብሪካው ውስጥ «ጫማውን አሳንሱት» ብሎ ያዘዘ ሰው የለም። ይህን አስቀድመን እንናገር፤ ኋላ ነገሩ የአንድ ምስኪን ስም ላይ እንዳይለጠፍ።

የሆነው እንዲህ ነው። ከበላይ የሚላከው ቆዳ ዓመት እስከ ዓመት ያው ነው፤ የሚጠየቀው ጥንድ ግን በየዓመቱ ያድጋል። ሥራ አስኪያጁ የዓመቱ እቅድ በደረሰው ቁጥር ወደ ቆዳ ቆራጯ ጠረጴዛ ይመጣና፣ እንደሚቀጣ ተማሪ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣

«እህት ዓለም፣ ከዚህ ቆዳ ላይ ሦስት ጥንድ ብቻ ጨምረሽ አታወጪልኝም?» ይላታል።

ታወጣለታለች። ከአፍንጫው ትንሽ፣ ከተረከዙ ትንሽ። ሰውየው ደግ ነው፤ የደግ ሰው ልመና ደግሞ ከትእዛዝ ይከብዳል። እንዲህ እንዲህ ሲባል በሰባተኛው ዓመት የፋብሪካው ትልቁ ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። እቅዱ ከመቶ በመቶ በላይ ተሳካ። አልሳካ ያለው የሰው እግር ብቻ ነበር፤ እግር እንደሆነ መመሪያ አያነብ።

ከተማውም መላ አላጣም። አዲስ ጫማ የደረሰው ሰው ቤቱ ገብቶ በምላጭ አፍንጫውን ይሰነጥቀዋል፤ ጣቶቹም ብቅ ብለው አገር ያያሉ። ስንጥቁን «መስኮት» ይሉታል።

«መስኮት አስከፈትክ እንዴ?»

«ምን መስኮት ትለኛለህ፣ በረንዳ ነው እንጂ!»

ዝናብ ሲመጣ በላስቲክ ይደፈናል።

በከተማው ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር የቆራጯ አባት ነበሩ። በጉብዝናቸው ወራት ከአሥራ አንድ ባልንጀሮቻቸው ጋር መዶሻና ወስፌያቸውን አንድ ክፍል ውስጥ አዋጥተው ፋብሪካውን የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ሕልማቸው አጭር ነበር፦ ባዶ እግሩን የመጣ ሰው፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ በልኩ ተጫምቶ ይወጣል። በቃ። የቀረውን ንግግር ሌሎች ናቸው የጨመሩበት። እግራቸው ታንኳ ያክል ስለነበር ሠራተኛው «ጓድ አርባ አምስት» ይላቸዋል፤ በፊታቸውም ጭምር።

ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ጉልበታቸው ከድቷቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠዋል። ሕንፃው በሪፖርት የሚሠራ፣ በአካል ግን የቆመ ሊፍት አለው። ከመስኮታቸው የሚታያቸው የሰው አናት ብቻ ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው መቼም እግር አያይም። ልጃቸው እንደሆነች የእናቷን እግር ወስዳ ሠላሳ ስድስት ናት፤ ጫማዋ አያሳብቅባትም።

ከሥራ ስትገባ ሻይ አፍልተው ይጠብቋታል።

«እህ፣ ዛሬስ?»

«አራት መቶ ጥንድ፣ አባባ።»

«አራት መቶ ሰው!» ይላሉ፣ ስኳሩን ከልክ በላይ እየጨመሩላት። ፊታቸው ሲበራ እያየች «አይ፣ አራት መቶ መስኮት ነው» ለማለት አንጀት ከየት ይምጣ? ዝም አይነቅዝም ብላ ሻይዋን ትጠጣለች።

አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። የፋብሪካው ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር ጓድ አርባ አምስት መድረክ ላይ ወጥተው ሊሸለሙ ነው። አባት ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡና አልጋ ሥር ገብተው አሮጌ ጫማቸውን አወጡ። ሶሉ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ምንም አይደል» አሉ፣ ተደስተው እንደውም። «ከፋብሪካችን አንድ ጥንድ አምጪልኝ። አርባ አምስት።»

ቆራጯ በማግሥቱ ጠረጴዛዋ ላይ ቆማ ቆዳውን ብታየው ቆዳው መልሶ አያት። አርባ አምስት ማለት የሁለት ጥንድ ቆዳ ነው። ደግሞስ በምን ፎርማ? ጫማ የሚለበጥባቸው ትልልቆቹ የእንጨት እግሮች ባለፈው ብርድ ማሞቂያ ውስጥ ገብተው ነደዋል።

«ምን ሆነሻል? የሞተ ሰው መስለሻል» አለቻት ሰፊዋ። ሰፊዋ በፋብሪካው ምላሷ ከመርፌዋ የሚቀድም ሴት ናት። ቆራጯ ነገረቻት።

«እና እውነቱን ንገሪያቸዋ!»

«ይሞቱብኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኮ በዚህች ነገር ነው የኖሩት።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አለች ሰፊዋ፤ ግን ዓይኗን ጠረገች። «በይ ቁረጪ። ስፌቱ በእኔ ይሁን። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ለማንም እንዳይነገር የተባለ ነገር እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሁሉም ጋ ደርሶ ነበር። ሁለት የአርባ አምስት ፎርማዎች ከእሳት መትረፋቸው ታወቀ። አንደኛውን ዘበኛው ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስድበት ይጭንበታል፤ ሌላኛው የሥራ አስኪያጁ በር እንዳይዘጋ የተወተፈ ነው። ጸሐፊዋ ይህኛውን ነቅላ በምትኩ የሰባት ዓመቱን ሪፖርት ወተፈችበት። በሩ እንደውም ከበፊቱ ጸና። ለጣፊው ማስቲሽ ደበቀ፤ ግምጃ ቤቱ የደህናውን ዘመን ገበር ከየት እንደሆነ አምላክ ይወቅ አመጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ። በሦስት ቀን ጫማው ቆመ። ማንም ሳይሰበስባቸው፣ መፈክር ሳይሰቀል፣ ሁሉም እንደ አቅሙ ሰጠ፤ ሽማግሌው እንደ እግራቸው ተቀበሉ። በፋብሪካው ታሪክ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። እሱም ሌብነት ነው።

አባት ጫማውን አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ በጥፍራቸው ስፌቱን ቧጠጡት።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው?»

«ሁሉም፣ አባባ።»

የበዓሉ ቀን ክንዷን ይዘው፣ በየወለሉ እያረፉ፣ ደረጃውን ወረዱ። ጎዳናው ጭር እንዲል ጸልያ ነበር፤ ጎዳናው ግን በሰው ተሞልቷል። ጫማ ሠሪ ደግሞ መንገድ ላይ የሰው ፊት አያይም። አንድ ሰው አልፎ ሄደ፣ ጣቶቹ በመስኮት። አንዲት ሴት፣ እሷም በመስኮት። አንድ ፖስተኛ፣ በአንድ በኩል መስኮት፣ በአንድ በኩል ላስቲክ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«ፋሽን ነው አባባ። ለ… ለነፋስ።»

ክንዷን የያዘው እጅ ከበዳት።

አዳራሹ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ቁጥሮቹን አነበበ፤ ተጨበጨበ። ሜዳልያው ደረታቸው ላይ ተሰካ፤ ተጨበጨበ። ሽማግሌው ንግግር እንዲያደርጉ ሲጋበዙ ቆራጯ አራተኛው ረድፍ ላይ ትንፋሿን ዋጠች። ወይ ሕዝብ ፊት ያለቅሳሉ፣ ወይ ሌባው ማነው ይላሉ፤ ሁለቱም ልቧን ይሰብሯታል።

አባት ማይክሮፎኑን ጨበጡ።

«አንድ ነገር ልናዘዝ» አሉ። «በመጀመሪያው እቅድ ጊዜ አሥራ ሁለት ጥንድ ጎደለብን። አሥራ ሁለት ልጆች ባዶ እግራቸውን ሊከርሙ ነው። ቢላዋው በእኔ እጅ ነበር። ከየአፍንጫው ጥፍር የምታክል ቀነስኩ፤ ማንን ትጎዳለች ብዬ። ልጆቹ ተጫሙ። የጨመረውን ጻፍኩ፤ የቀነስኩትን ግን አልጻፍኩም። ዛሬ መንገድ ላይ ያችን ጥፍር አገኘኋት። አድጋለች።»

ዝም አሉ። አዳራሹ ሰው ተናግሮ ዝም ሲል ማጨብጨብ የለመደ ነውና በአንድነት ተነሥቶ አጨበጨበ። ከበላይ መጥተው ከፊት የተቀመጡት እንግዳ «ታላቅ ስኬት!» ሲሉ ተሰሙ። ሽማግሌው ሕዝቡን አዩት፣ ከዚያም ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቆራጯ አለቀሱ ብላ ወደ መድረኩ ሮጠች። እየሳቁ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እሷም አጠገባቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ይልዎት ነበራ።»

«ሥራ አስኪያጁስ? ለበላዮቹ ለምን አይነግራቸውም?»

«እነሱም ደስ ይላቸዋል። ፈሪም ነው፣ ግን… እንዲከፋቸውም አይወድ።»

አባት ጉልበታቸውን እያሹ አሰቡ። «ጠላት ሰርጎ ገባ ብለን ስንት ዘመን አልጋ ሥር ፈለግን! ለካ ሁሉም ለሚወደው ሰው ብሎ፣ ከእውነቱ ላይ ትንሽ ትንሽ ሲቀንስ ኖሯል።»

«እኔም ቀንሻለሁ፣ አባባ» አለች፤ አሁን የምታለቅሰው እሷ ናት። «አሁን ምን ላድርግ?»

«ሰኞ ቆዳውን ስትዘረጊ የምታውቂውን ሰው እግር እያሰብሽ ቁረጪ።»

«ይጎድላላ!»

«ይጎድላል። ጎደለ ብለሽ ጻፊዋ። እኔ ያልጻፍኩት እሱን ነው።»

«ከሥራ ቢያባርሩኝስ?»

«እኔ ሻይ አፈላለሁ፣ አንቺ ትጠጫለሽ። በይ አንሺኝ፣ ሁለት ፎቅ ይቀረናል።»

ሰኞ ቆራጯ የለጣፊውን እግር አሰበች፤ አርባ ሦስት። የዘበኛውን አሰበች፤ አርባ አንድ፣ በግራ በኩል አጥንት ያለው። የፖስተኛውን በግምት። ሥራ ሲያበቃ ቅጹ ላይ «ሦስት መቶ አሥር» ብላ ጻፈች፤ ወረቀቱንም ራሷ ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

ሰውየው አነበበው። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አነበበው። ወደ ታች የሄደ ቁጥር ዓይቶ አያውቅምና።

«እህት ዓለም፣ ከነሕይወቴ ልትቀብሪኝ ነው? ዘጠናውን ምን በላው?»

«እግር በላው፣ ጓድ።»

ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ የተወተፈበትን ሪፖርት ነቅሎ በሩን ዘጋ፤ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እያቃሰተ አንድ ጫማውን አወለቀ። ጣቶቹ እንደ ተጨናነቀ አውቶቡስ አንዱ በአንዱ ላይ ተሳፍረዋል። ቅጹን ገልብጦ ወለሉ ላይ አነጠፈውና እግሩን ጫነበት።

«ወደ ላይ የምልከው አራት መቶ ብዬ ነው፤ እወቂው» አለ፣ ሳያያት።

«አውቃለሁ።»

«ክፉ ሰው ግን አይደለሁም።»

«አይደሉም፣ ጓድ። ይህንንም አውቃለሁ።»

«በይ እንግዲያው ለኪኝ። አርባ ሁለት ነበርኩ መሰለኝ፣ ድሮ።»

ቆራጯ ተንበርክካ ከጆሮዋ ላይ እርሳሷን አወረደችና ከተረከዙ ጀምራ መዞር ያዘች። እርሳሱ የውስጥ እግሩ ጋ ሲደርስ ኮረኮረው፤ ሥራ አስኪያጁም ለመቆጣት አፉን ከፍቶ ሳቁ ቀደመው።

«ዝም ይበሉ እንጂ፣ ይበላሻል!» አለችው፣ ቁርጭምጭሚቱን አጥብቃ ይዛ።