ሹፌሮች ከዝርዝሩ የወጡ ዕለት

ዳልቢር ስልኩን ሳይዘጋ ፍሬን ያዘ። ከፊቱ፣ መንገዱ ዳር፣ ዳብል ፍሬቻው ብልጭ ድርግም የሚል አንድ ባለ ተሳቢ መኪና ቆሟል። የጋቢናው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው ሚስቱ ጉርሊን ከሬጃይና ከተማ።

«አንድ መኪና ቆሟል።»

«ይቁም! እኔ ስለ ሌላ ነው የማወራህ። ሹፌሮችን ከዝርዝሩ አውጥተዋቸዋል እያልኩህ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ወኪሉ ‹አናጢ ነው ብለን እናስገባለት፤ የልምድ ወረቀቱን እኔ አዘጋጃለሁ፣ ዛሬውኑ መልስ ስጡኝ› ብሏል።»

«አናጢ? እኔ? የልጃችንን አልጋ ስገጥም የሆነውን ረሳሽው?»

«እንዴት እረሳለሁ፤ ፈትቼ የገጠምኩት እኔ! ግን ወረቀት ላይ ማን አልጋ ያስገጥምሃል?»

«ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ።»

ዳልቢር በካናዳ፣ በሳስካቸዋን ሜዳ ላይ ምስር ሲያመላልስ ዓመታት አልፈዋል። ብርዱንም ብቸኝነቱንም የቻለው ሹፌርነቱ የመኖሪያ ፈቃድ ያሰጠኛል ብሎ ነበር። ማመልከቻውን በጸደይ ሊያስገባ አስቦ ሳለ፣ ዛሬ ጠዋት ሙያው ከሚፈለጉት ሙያዎች ዝርዝር ወጣ።

ወርዶ ወደ ቆመው መኪና ተጠጋ። እኩለ ቀን ነው፤ ጉሙ ግን ሰማዩንና ምድሩን አንድ አድርጎታል። ሞተሩ አልጠፋም። ጋቢናው ውስጥ በገዛ ቋንቋው፣ በፑንጃቢ፣ ዝግ ያለ መዝሙር ይሰማል። በቴርሞሱ ክዳን ላይ የተቀዳው ሻይ ይተናል። ወንበሩ ላይ ወፍራም ጃኬትና ጓንት ተቀምጧል። ሰው ግን የለም።

«ማን አለ?» ብሎ ጮኸ። ድምፁን ጉሙ ዋጠው።

በበረዶው ላይ የእግር ዱካ አየ። ዱካው ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ባዶው የስንዴ ማሳ ይሄዳል። የሮጠ ወይም የተደናበረ ሰው ዱካ አይመስልም፤ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ረጋ ብሎ የረገጠው ይመስላል። ዳልቢር አምቡላንስ ጠራ። መንገዱ መጥፎ ስለሆነ እንደሚዘገዩ ነገሩት። ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይችል ነበር። ጃኬቱን ይዞ ዱካውን ተከተለ።

ጥቂት ሄዶ ዞር ሲል የገዛ መኪናው በጉሙ ተውጦ አይታይም። ብልጭታውም ጠፍቷል። ዱካው ደግሞ ነፋስ ጠርጎ ያጠነከረው በረዶ ላይ ሲደርስ ቆመ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ከኋላው እንደ ሩቅ ንብ ይሰማዋል።

ያኔ ቅርቡ ሰው ሲናገር ሰማ።

«አዎ ጌታዬ፣ ምግብ አብሳይ ነበርኩ... አዎ፣ ከዚያ የከብት እርባታ ሠራተኛ... አይ፣ አሁን ሹፌር ነኝ... አዎ፣ ሹፌር...»

ቢጫ ጥምጥም የጠመጠሙ ረጅም ሽማግሌ በሸሚዝ ብቻ ቆመዋል፤ ጺማቸው ውርጭ ይዟል። እጃቸው ላይ ስልክ የለም። ፊታቸውን ወደ ነጩ ጉም አዙረው፣ ልክ መስኮት ፊት እንደቆመ ባለጉዳይ አንገታቸውን ሰበር አድርገዋል።

«አጎቴ!»

«ቆይ ልጄ፣ ተራዬ ነው።»

«የምን ተራ?»

«ምን እንደሆንኩ እየጠየቁኝ ነው። የምመልሰው ሁሉ አልዋጥ አላቸው።»

ዳልቢር እሳቸው ወደሚያዩበት አየ። ለአንድ አፍታ እዚያ ጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ቆሞ መልስ የሚጠብቅ መሰለው። የሚጠብቀውም የሽማግሌውን መልስ ብቻ አልመሰለውም። ይህን በኋላ ለጉርሊን እንኳ አልነገራትም።

ጃኬቱን አለበሳቸው። ክንዳቸው እንጨት ሆኗል።

«ሻይዎ እየቀዘቀዘ ነው፤ ያንን እጣቢ ያፈሉት እርስዎ ነዎት?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ። «እጣቢ? አፍህን ያዝ! የማን አገር ልጅ ነህ አንተ?»

«የሞጋ» አለ ዳልቢር፣ ፑንጃብ ያለውን አገሩን ጠርቶ።

«ታዲያማ ምን ይፈረድብሃል!»

ዳልቢር በሳቅና በእንባ መካከል ሆኖ ደግፎ ያዛቸው። የሞተሩን ድምፅ እየተከተሉ ተመለሱ።

ጋቢናው ውስጥ ስማቸው ኦምካር መሆኑን ነገሩት። በመጀመሪያ የመጡት በምግብ አብሳይነት ነበር።

«ወጥ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ወረቀቴ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሲያበስል ኖረ። አብሳዮች ከዝርዝሩ ሲወጡ ወኪሎች የከብት ሠራተኛ አደረጉኝ። የመጀመሪያውን ስዋሽ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለተኛው ቀለለኝ።»

«ሹፌርነቱስ?»

«እሱ እውነቴ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ ስሰማ መኪናውን አቆምኩት። ከዚያ ጠሩኝ።»

«ማን ጠራዎት አጎቴ?»

ሽማግሌው በርኅራኄ አዩት። «አንተ ገና ነህ። አንተንም ይጠሩሃል።»

አምቡላንሱ ደረሰ። አልጋው ላይ ካስተኟቸው በኋላ ነርሷ አእምሯቸውን ለመፈተን ትጠይቃቸው ጀመር። ስማቸውን ነገሯት። ዕለቱንም አልሳቱም።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

ኦምካር ፊታቸውን ከነርሷ አዞሩ። በተከፈተው በር በኩል ማሳውን እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። በሩ ተዘጋ።

ዳልቢር የሽማግሌውን መኪና ሞተር አጥፍቶ ወደ ራሱ ጋቢና ሲወጣ ስልኩ ጮኸ።

«የት ጠፋህ? ወኪሉ እየጠበቀን ነው» አለች ጉርሊን።

«እንቢ ብሏል በይው።»

«ዳልቢር! አስበህበታል? ታዲያ ምን ብለን ልንቀር ነው?»

«እንጃ። ሹፌር ብዬ የማመለክትበት ሌላ በር ካለ እንፈልጋለን። ከሌለም ሹፌር እንደሆንኩ አገሬ እገባለሁ።»

ጉርሊን ሁለት ጊዜ ልትናገር ጀምራ ተወችው።

«ብርድ ነው ድምፅህን ያንቀጠቀጠው?» አለችው በመጨረሻ።

«አዎ፣ ብርዱ ነው።»

በማሳው በኩል ያለውን መስኮት እስከ ጫፍ ዘጋ። ወደዚያ ሳያይ መኪናውን አስነሳ።