የካሰች ማጭድ

ታንጉት ነዶዋን አስራ ቀና ስትል ካሰች ሦስት ነዶ ቀድማታለች። ጎንበስ ብላ ትንፋሽ እስኪያጥራት አጭዳ ደግማ ቀና ስትል አራት ሆኗል። ሰው እንዴት እንዲህ ያጭዳል? ማጭድ ነው የያዘችው ወይስ መኪና? የቆላዋ የኮኪት ፀሐይ አናት እየበሳ፣ የጎጃሟ ልጅ ላቧን እንኳ አትጠርግም። ይባስ ብላ ታንጎራጉራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር በአምራቾች ኅብረት ሥራ የሰሊጥ ማሳ ላይ የአጨዳ ውድድር አወጣ። ድርሻው በገመድ ተለክቶ እኩል ተሰጠ። ድርሻውን ጨርሶ ማሳው ዳር የተሰቀለውን ቀይ ጨርቅ ቀድሞ የነካ ጎንደር ሄዶ በወጣቶች በዓል ላይ ይሰለፋል ተባለ። ታንጉት ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ከሸሕዲ ከተማ ወዲያ አገር አታውቅም። ስምንተኛን ጨርሳ ቤት ከዋለች ወዲህ ሸሕዲም ብርቅ ሆኖባታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በማጭድ የምትቀድማት ሴት አልነበረችም፤ ስለዚህ ገና ውድድሩ ሲወራ ልቧ ጎንደር ገብቷል። ከዚያ ይቺ ካሰች መጣች፤ በአንድ ነጠላ፣ በይለፍ ወረቀት፣ ለቀን ሥራ።

ካሰች ድርሻዋን ጨረሰች። ቀይ ጨርቁ ከፊቷ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ታንጉት በቃ አለቀልኝ ብላ ስታይ፣ ካሰች ጨርቁን ትታ ዞረች። በታንጉት ድርሻ በወዲያኛው ጫፍ ገባችና ወደ ታንጉት እያጨደች መጣች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለቻት ታንጉት።

"ልቀበልሽ ነዋ፣ እታለም።"

"ማን ተቀበይኝ አለሽ?"

"ይኼ ይለመናል እንዴ? በኛ አገር የጨረሰ ሰው ቆሞ አያይም።"

በእነታንጉትም አገር እንደዚያው ነው። ቀድሞ የጨረሰ ዞሮ ወደኋላ የቀረውን ይቀበላል፣ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ታንጉትን ያንገበገባት ይኸው ነው። እሷ ሁልጊዜ ተቀባይ ነበረች፤ በሕዝብ ፊት ስትቀበል እንጂ ተቀብለዋት አታውቅም።

ዛፍ ጥላ ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጡት አባቷ አቶ ፈረደ ብድግ አሉ።

"እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። የኛዎቹ ጨርቅ ለመንካት እንደ ፍየል ይራኮታሉ። ይችን ያሳደገ ቤት ግን አልተበላሸም።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ልጄ አሏት። ታንጉት እጇ ደም እስኪቋጥር ባጨደችባቸው ሁለት ዓመታት አባቷ የሚሏት ነገር "ማሰሪያሽ ላላ" ነበር።

የወጣቶቹ ሊቀመንበር ያረጋል ድምፅ ማጉያውን አንስቶ፣ "ድርሻውን ለብቻው ጨርሶ ጨርቁን የነካ ስለሌለ የጠዋቱ አይቆጠርም። ከሰዓት በአዲስ ድርሻ ይለያል" አለ።

"እንዴት አይቆጠርም? ሁላችን አየን እኮ፣ ማን እንደቀደመ" አሉ አቶ ፈረደ።

"ጋሽ ፈረደ፣ ይኼ ዘመናዊ ውድድር ነው፣ ወንፈል አይደለም።"

ለምሳ ሲያርፉ አቶ ፈረደ ካሰችን አጠገባቸው አስቀመጧት። ከራሳቸው ኮዳ ውሃ ቀዱላት፣ ስለ አገሯ ዝናብ ጠየቋት፣ ስትመልስ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ታንጉት የያዘችውን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለሰችው። ተነሥታ ነዶው ቆሞ እንዲደርቅ ወደተከመረበት፣ ሂላ ወደሚሉት፣ ሄደች። የካሰች ማጭድ እዚያ ተሰክቷል። አወጣችው። ከሥሩ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ላይ ሦስት ጊዜ መታችው፤ የማጭዱ ስለት መሀሉ ላይ ሦስት ቦታ ተሸረፈ።

ዞር ስትል ያረጋል ከሂላው ወዲያ ሱሪውን እየቆለፈ ቆሟል። አያትና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፣ ማፏጨት ጀመረ።

ከሰዓት ካሰች ሁለት ነዶ አጭዳ ቆመች። ማጭዷን አገላብጣ አየችው፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ጎንበስ አለች። ሞረድ ፍለጋ ብትሄድ ጊዜው ያልቃል። ማጭዱ ግን አይቆርጥም፣ ይጎትታል። የደረሰ ሰሊጥ ደግሞ ሲጎተት አይወድም፤ ፍሬው እየተከፈተ በጥቁሩ መሬት ላይ ነጭ ሆኖ ፈሰሰ።

ታንጉት ቀድማ ጨርቁን ነካች። ተጨበጨበላት። የጨርቁ ቀለም ላብ በላብ በሆነው እጇ ላይ ቀረ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ሽማግሌዎቹ የጠዋቱን አነሡ። "ልጅቱ ጠዋት አሸንፋ የለ እንዴ?" አለ አንዱ። "እኩል ናቸው፣ ሁለቱም ይሂዱ" አለ ሌላው። ያረጋል ወደ ካሰች ድርሻ ገብቶ ጎንበስ አለና ከመሬት ሰሊጥ ቆንጥሮ አነሣ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ማጭዴ ደንዞብኝ ነው፣ ጋሼ። ሳላየው ድንጋይ መታሁ መሰለኝ።"

"የሕዝብ ሀብት ነው ያፈሰስሽው። ይኼ አሻጥር ነው። ይለፍሽን አምጭ።"

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለውን ቃል ሰምቶ የሚቀልድ አልነበረም። በዚህ ቃል ስንቱ ሰው ነው ታስሮ የቀረው። ካሰች ከቀሚሷ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፣ ስድስት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው።

"ያረጋል፣ ልጄ፣ ሰሊጥ ድሮም ይረግፋል" አሉ አቶ ፈረደ።

"እርስዎ እዚህ ውስጥ አይግቡ።"

ካሰች ተንበርክካ ሰሊጡን ከአፈር እየለቀመች ነጠላዋ ላይ ማድረግ ጀመረች። "ለቅሜ እሞላዋለሁ፣ ጋሼ" ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ያረጋል ታንጉትን ወደ ጎን ጠርቶ ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጣት።

"ምስክር ያስፈልጋል። ከጎኗ ያጨድሽው አንች ነሽ፣ ጻፊ።"

"ምን ብየ?"

"ሆን ብላ ስታራግፍ አይቻለሁ በይ። ይኼ ከተጻፈ የሽማግሌው ጭቅጭቅ ይዘጋል። አንች ጎንደር ትሄጃለሽ፣ ቀበሌያችንም ይጠራል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሂላው ጋ ደግሞ እኔ ምንም አላየሁም።"

ታንጉት ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ልክ ልትጽፍ ስትል አባቷን አየቻቸው። አቶ ፈረደ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቆመው የሚያስቀድሱት፣ አፈር ላይ ተንበርክከው ከካሰች ጋር ሰሊጥ ይለቅማሉ። ለእሷ እንዲህ ተንበርክከው ያውቃሉ? መቼ? እስክርቢቶውን ጨበጠችና "ካሰች ሆን ብላ" ብላ ጻፈች።

ካሰች ቀና አለች። "እታለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ከሰዓትስ አልተቻልሽም።"

ብትሰድባት ምን ነበረበት? ብትጠረጥራት፣ አንች ነሽ ብትላት፣ ታንጉት ቀሪውን ባንድ ትንፋሽ ትጽፈው ነበር። አሁን ግን እጇ አልሄድ አላት። የምትጠላበት ምክንያት እንኳ አትሰጥም፣ ይቺ ልጅ። ታንጉት የጻፈችውን ሰረዘች። ከሥሩ ሌላ ጻፈች፤ ስሟን ከነአባቷ አድርጋ ፈረመችበት።

"ጨረስሽ? አምጭው" አለ ያረጋል እጁን ዘርግቶ።

በአጠገቡ አልፋ ሄደችና ወረቀቱን ለአባቷ ሰጠች። አቶ ፈረደ ፊደል የቆጠሩት አምና በመሠረተ ትምህርት ነው። የሚያነቡትም ድምፅ እያወጡ፣ ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያሻገሩ ነው። የእጃቸውን አፈር አራግፈው ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዞሩት። ሽማግሌዎቹም ለመስማት ጠጋ ጠጋ አሉ።

ታንጉት ካሰችን አሁንም አልወደደቻትም። ግን አልሄደችም፤ አባቷ አንብበው እስኪጨርሱ እዚያው ቆመች።

"እ፣ ኔ" አሉ አቶ ፈረደ። "እኔ ታን፣ ጉት… የካ፣ ሰችን ማ፣ ጭድ…"