የጉንዳኑ መንገድ

ልብስ ሰፊዋ የፈላውን ውሃ ከማንቆርቆሪያው ወደ እናቷ ክፍል በሚያስገባው በር ሥር አንዠቀዠቀችው። ቀዩ የጉንዳን ሰልፍ ለአፍታ ተበታተነ፤ እንፋሎቱ ሲገፈፍ ግን የተረፉት በሞቱት ላይ ተረማምደው እንደገና ተሰለፉ። ስድቧን በጥርሷ መካከል አፍና ከመደርደሪያው ላይ የመርዝ ዱቄት አወረደች፤ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደምታሰምር ሁሉ ከደፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር አሰመረች። ሰልፉ መስመሩ ዘንድ ደርሶ አመነታ፤ ከዚያም በመጣበት ተመለሰ።

"ጉንዳንሽን ወደኛ አትንጂው!" የሚል ድምፅ ከወዲያኛው ክፍል ተሰማ።

ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ የጭነት መኪና ነጂው።

"ጉንዳን ጌታ አለው እንዴ? ምልክት ካደረግህበት መጥተህ ለይና ውሰድ!"

"አንቺ ሴትዮ፣ በጠዋቱ ነገር አትፈልጊኝ!"

"እትዬ" ማለቱን የተወው አባታቸው ሞቶ ቤቱ ከተከፈለ ወዲህ ነው። ጥቂት ቆይቶ የላምባ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እርሱም በበኩሉ የራሱን ደፍ እያረጠበ መሆኑን ዐወቀች።

አባታቸው ያቆመው ቤት ሦስት ክፍል አለው። ሽማግሌዎች የቀኙን ለእርሷ፣ የግራውን ለእርሱ ሰጥተው፣ መካከለኛው እስከ ዕለተ ሞታቸው የእናታቸው እንዲሆን ወሰኑ። አሮጊቷ የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ ጀምሮ ከአልጋ አይወርዱም። አንዱን ሳምንት ሴት ልጃቸው፣ ሌላውን ሳምንት የወንድ ልጃቸው ሚስት በተራ ታስታምማቸዋለች። ተራው በየእሑዱ ቀትር ላይ ይዞራል፤ በተራዋ ያስገባችውን ዕቃ ማንሣትም የባለተራዋ ግዴታ ነው። ይህን የመጨረሻውን ደንብ ሽማግሌዎች አልደነገጉትም፤ ቂም ነው የደነገገው።

ባለፈው እሑድ የወንድሟ ሚስት ተራዋ ሊያበቃ ሲል ማር የተቀባ ዳቦ በሳህን አምጥታ ለአሮጊቷ አጎረሰች፤ ሳህኑን መስኮቱ ላይ ትታው ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ከቀትር በኋላ ስትገባ አየችው። "ያመጣችው ታንሣው" አለችና አለፈችው። በማግስቱ ጉንዳን ወሮት ስታገኘው ደግሞ፣ መናገር ያሳፍራል እንጂ፣ ትንሽ ደስ አላት፤ ጉንዳኑ የወንድሟን ሚስት ዝርክርክነት የሚመሰክርላት መሰላት።

አሁን ወተቱን አሙቃ፣ ነጩን መስመር በጥንቃቄ ተራምዳ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። ከሁለቱም በር የተመለሰው ሰልፍ በአልጋው እግር ወጥቶ አንሶላውን አቅልቶታል። የአሮጊቷ ክንድና አንገት በንክሻ አብጧል። ዐይናቸው ግን ተከፍቶ ጣራውን ያያል።

"እማዬ! ምነው ሳትጣሪ ቀረሽ?"

"ማንን ልጣራ?" አሉ በረጋ ድምፅ። "አንቺን ብጠራ እሱ ያኮርፋል፤ እሱን ብጠራ አንቺ ታኮርፊያለሽ። ጉንዳን ይሻለኛል፤ ነክሶ ዝም ይላል።"

ጩኸቷን የሰማው ነጂ የላምባ ጀሪካኑን እንዳንጠለጠለ በግራው በር ዘለቀ። የእናቱን ክንድ አየና ፊቱ ጠቆረ።

"ተረኛዋ አንቺ አይደለሽ? እንዲህ ነው የምታስታምሚው?"

"ሳህኑ የማን ነው? እስቲ ንገረኝ፣ ያ መስኮት ላይ የተገተረው ሳህን የማን ነው?"

"እና ሁለት ቀን ሙሉ እያየሽ ዝም አልሽ?"

"የሚስትህ ገረድ ነኝ?"

"እጅሽ ይቆረጥ ነበር ብታነሺው?"

"የእሷስ እጅ ተቆርጦ ነው የተወችው? ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ብላ አስተማረችህ፤ ከዘረፋችሁ በኋላ ዕቃ ማጠብም ቀረ!"

"ሚስቴን በአፍሽ አትጥሪ!" ብሎ የጀሪካኑን ክዳን ከፈተ፤ ንዴቱን የሚወጣበት ሌላ ነገር አላገኘም። ላምባውን በአልጋው ሥር ሊረጭ ሲያጎነብስ አሮጊቷ ሳል ያዛቸው። አስም አለባቸው፤ ከንፈራቸው እስኪጠቁር ድረስ ሳሉ። ልብስ ሰፊዋ ጀሪካኑን ከእጁ ነጥቃ በመስኮት ወረወረችው።

ትንፋሻቸው ሲመለስ አሮጊቷ ሁለቱንም በተራ አዩዋቸው።

"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይሉ ነበር። እኔም አምኜ ሁለት ተከልሁ። ባላ ከባላ ሲጣላ፣ የተንጠለጠለው መሬት ይወርዳል ያለኝ ግን አልነበረም። ለሳህን ከመካሰሳችሁ በፊት እኔን ከዚህ አንሡኝ።"

ነጂው እናቱን አቅፎ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ አንሶላውን አራገፈች፤ የአልጋውን እግርና፣ ሳህኑን ሳትነካ፣ የመስኮቱን ደፍ በሳሙና ውሃ አጠበች። አንዱ ባልዲውን ሲፈልግ ሌላው በእግሩ ይገፋለታል፤ በእጅ መስጠት ሰላምታ ይመስላልና።

መስኮቱን መዝጋት አይቻልም፤ አየር ካላገኙ አሮጊቷ ያፍናቸዋል። ከጓሮው ሎሚ ሥር የሚወጣውም ጉንዳን እንደገና ግድግዳውን ይዞ ወደ ውስጥ መግባት ጀምሯል። ልብስ ሰፊዋ በዐይኗ ተከተለችው። ወደ ግራ ሄደ፤ ላምባው መለሰው። ወደ ቀኝ ሄደ፤ ዱቄቷ መለሰው። ከዚያ ወደ መካከል፣ ወደ አልጋው ተጠመዘዘ። እርሷና ወንድሟ የየራሳቸውን ደፍ ሲያጥሩ፣ ሳይታጠር የቀረው የእናታቸው አልጋ ብቻ ነበር።

ነጂው እናቱን ወደ አልጋቸው መለሰና ሰዓቱን አየ።

"ጭነት ይጠብቀኛል። ተረኛዋ አንቺ ነሽ።"

"መንገርህ አያስፈልግም።"

በሩን ከኋላው ወረወረው። ያፈሰሰው ላምባ ግን በደፉ ላይ እንደ ነበረ ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ማስረከቢያው የደረሰው የተማሪዎች የደንብ ልብስ ወለሉ ላይ ተቆልሏል። አንድ ጉንዳን ያገኘ እንደ ሆነ ትምህርት ቤቱ እንደማይረከባት ታውቃለች፤ በዚህ ሥራ ስሟን የገነባችው በንጽሕናዋ ነው። ክምሩን እቅፍ እቅፍ እያደረገች ጠረጴዛው ላይ፣ ቁም ሣጥኑ ራስ ላይ፣ የራሷ አልጋ ላይ ጫነችው። ከዚያ ጨርቅ ነክራ ተንበረከከች፤ ያሰመረችውን ነጭ መስመር ጠርጋ አነሣች፤ ምልክቱ እስኪጠፋም ወለወለችው።

ወደ መስኮቱም ሄደች። ሳህኑን፣ ያንኑ የወንድሟን ሚስት ሳህን፣ በሁለት ጣቷ አንሥታ ከራሷ ክፍል መካከል አኖረችው። የደረቀው ማር አነሰ መሰላትና ከራሷ ማሰሮ ስኳር ዘግና በጠብታ ውሃ በጥብጣ ጨመረችበት።

አሮጊቷ በተከፈተው በር ያይዋታል።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ተኚ፣ እማዬ።"

ብዙም አልቆየ፤ አንድ ጉንዳን ደፉን ተሻገረ፤ ሌላው ተከተለው። ጥቂት ቆይቶ ሰልፉ የአልጋውን እግር እየተወ፣ እንደ ቀይ ክር እየተሳበ ወደ እርሷ ክፍል ይገባ ጀመር።

ከግድግዳው ማዶ የወንድሟ ሚስት ድምፅ ተሰማ። "ሳህናችንን መልሺልን እንጂ! ወረስሽው እንዴ?"

"አልመልስም።"

"ለምን ሲባል?"

"ሥራ ይዟል።"

ልብስ ሰፊዋ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ በስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ የሰልፉን ጫፍ ላለመርገጥ እግሯን ወደ ጎን አድርጋም ፔዳሉን መታች።