መንጋ ፈላጊዋ

ተኳሹን ያሳደገችው አክስቱ ናት። እናቱ በወሊድ ስትሞት ከራሷ ጎን አስተኝታ፣ በፍየል ወተት አጠንክራ ለወግ ለማዕረግ አበቃችው። ስለዚህ የዱር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ «ለማዳ ፍየል ፈልግ» ሲለው የት እንደሚሄድ አላሰበበትም።

ከሰው ቤት ያመለጡ ፍየሎች ተራራው ላይ ከተዋለዱ ቆይተዋል። ከዚያ ገደል በቀር የትም የማይበቅለውን ሰማያዊ አበባ ከነሥሩ እየነጩ ሊጨርሱት ነው። አበባውን የምትቀስመው ትንሿ ወፍም አብራ እየጠፋች ነው። መሥሪያ ቤቱ መክሮ መክሮ ፍየሎቹ ይገደሉ አለ። ተኳሹም አመነበት፤ ራቁቱን የቀረውን ገደል በዓይኑ አይቷል። ፍየሎቹ ግን ብልጥ ሆኑ፤ ኮቴ ሲሰሙ ዋሻ ለዋሻ ይሰወራሉ።

«ቡሬን ስጪኝ» አላት አክስቱን፣ በረቱ ደጃፍ ላይ ፍየሏን እያለበች ሳለ።

«ለምን?»

«አንገቷ ላይ መሣሪያ አስረው የት የት እንደምትሄድ ሊያዩ ነው።»

«ይመልሷታል?»

«እንዴታ!»

የመጀመሪያው እውነት ነበር። «እንዴታ»ው ግን ከአፉ አመለጠው።

ፍየል ብቸኝነት አትችልም። ቡሬ ተራራው ላይ በተለቀቀች ማግስት መንጋ አገኘች። ተኳሹና ጓደኞቹ የመሣሪያውን ምልክት ተከትለው ደረሱና ከእሷ በቀር ሁሉንም ረፈረፏቸው። ቡሬ ሬሳዎቹን አንድ በአንድ እያሸተተች ጮኸች፤ ከዚያ ሌሎች ፍለጋ ሄደች። አገኘችም። ተከትለዋት መጡ። እየዋለ ሲያድር፣ ተኩሱ ባበቃ ቁጥር ወደ ተኳሹ መምጣት ጀመረች፤ የቤት ሰው ነዋ! ባሩድ ባሩድ የሚሸት እጁን ትልሰዋለች።

አክስቱ ወሬውን ገበያ ላይ ሰማች። ሳትውል ሳታድር ቢሮው ድረስ መጥታ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፊት ቆመች።

«ልጄ፣ ፍየሌን መልሺልኝ።»

ኃላፊዋ ራሷ ተነስታ ወንበር አቀረበችላት። «እማማ፣ አሁን ከመለስናት የቀሩት እንደገና ይራባሉ። አበባው ገና ብቅ ማለቱ ነው።»

«እንግዲያው ግደሏት። ወገኖቿን እያስፈጀች አትኑር።»

«እሷንማ ማንም አይነካትም» አለች ኃላፊዋ በሚያባብል ድምፅ። «ከሁሉም የምታስፈልገን እሷ ናት።»

አክስቱ ዞር ብላ ተኳሹን አየችው። እሱ ጫማውን ያያል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ምልክቱ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለ። ተኳሹ ብቻውን ወጣ። አክስቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ቡሬ ጉሮሮዋ ተቆርጦ እግሯ ሥር ተጋድማለች።

«ስጠራት እየሮጠች መጣች» አለች። «እየሮጠች!»

ከድንጋዩ ስንጥቅ ሰማያዊ አበባ ወጥቷል። አክስቱ በደም በቀላ ጣቷ አመለከተችው።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ያምራል» አለች፤ ፊቷን አዞረች።

መሣሪያውን ከቡሬ አንገት ፈትቶ ለኃላፊዋ ደወለ።

«ፍየሏ ሞታለች። አውሬ ነው» አለ። ላሳደገችው ይሄን ታህል ውለታ ዋለላት።

«ወይ ጉድ! አንድ መንጋ ብቻ ቀርቶን!» የኃላፊዋ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። «አክስትህ ጋ ሌላ ለማዳ የለችም?»

የቡሬ ልጅ አለች። ጠዋት ጠዋት ከአክስቱ መዳፍ ላይ ትበላለች። አክስቱ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«አለች» አለ።