ፍሬን የሌለው ወንበር

የመኪና መንዳት አስተማሪው ሠላሳ ዓመት የኖረው ከሰልጣኝ ጎን ባለው ወንበር ላይ ነው። እግሩ ስር የራሱ ፍሬን ነበረው፤ ሰልጣኝ በተደናገረ ቁጥር ይረግጠዋል። የከተማውን ግማሽ ለመንጃ ፈቃድ አብቅቷል፤ የገዛ ሚስቱን ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ገና ነሽ» ሲላት ኖረ። እሷም አንድ ቀን ሹልክ ብላ ሌላ ማሰልጠኛ ገባችና በመጀመሪያው ፈተና አለፈች። ሦስት ቀን አኮረፋት።

አሁን ግን ለኩርፊያ ጊዜ የለም። ልጃቸው ከኮረኮንች መንገድ ማዶ ባለ መንደር የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። እሱ ደግሞ ዓይኑን ኦፕራሲዮን ሆኖ ሐኪም እንዳይነዳ ከልክሎታል። መኪና ተከራዩ፤ መሪውን የጨበጠችው ሚስቱ ናት።

አከራዩ ቁልፉን ሲሰጣት መከራት። «እትዬ፣ ጠጠር ላይ ከአርባ አይለፉ። ቢንሸራተት እንኳ ድንገት ፍሬን እንዳይዙ። ነዳጁን ለቀቅ፣ መሪውን ቀጥ ነው።»

«ለቀባሪው አረዱት!» አለ አስተማሪው።

አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ከመኪናዋ ሆድ ስር ሲንጣጣ፣ የአስተማሪው እግር ወለሉን መርገጥ ጀመረ። ይረግጣል፣ ምንም የለም። ደግሞ ይረግጣል።

«ምንጣፉን ልትበሳው ነው እንዴ?» አለች ሚስቱ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

ወዲያው አንድ የጭነት መኪና አቧራ እያስነሳ ከፊት መጣ። እሷ ቀኟን ይዛ ቀስ አለች። እሱ ግን ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች፤ እግሩ ያጣውን እጁ አገኘና የእጅ ፍሬኑን መንጭቆ ሳበው። መኪናዋ እንደ እንዝርት ሾረችና ፊቷን ወደመጡበት አዙራ ቆመች።

የጭነት መኪናው አልፎ አቧራው ተበተነ።

«ማነው ድንገት ፍሬን የያዘው?» አለች ሚስቱ።

«እኔ» አለ ቀባሪው።

«ገና ነህ። ከኋላ ግባ።»

ገባ። ለሕፃኑ የያዙትን ብርድ ልብስ አቅፎ ከኋላ ሲያያት፣ ከጉድጓዱ ቀድማ ትቀንሳለች፣ ኩርባውን አለስልሳ ትዞራለች፣ ከጠጠሩ ጋር ግብግብ የላትም። ለካ አሥራ አንድ ዓመት የፈራው አነዳዷን ሳይሆን ያለ እሱ ፍሬን መሄዷን ኖሯል። አፈረ።

ልጃቸው ሕፃኑን አቅፋ ደጅ ጠበቀቻቸው። «አባዬ፣ ምነው ከኋላ?»

«ወደቅሁ ልጄ» አለ፣ እየወረደ። «እናትሽ ግን አልፋለች።»

ሚስቱ ከመሪው አልተነሳችም። መስኮቱን እስከ ታች አወረደች።

«አልሰማሁም» አለች። «ጮክ በል።»