ሰኞ ጠዋት የተሞላው መዝገብ

ረቡዕ ጠዋት የከተማው ምክር ቤት የቁጥጥር መኪና በሆስፒታሉ በር ሲገባ፣ ጋሽ ከሰል አመድ የሚዝቅበትን አካፋ ጣለው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሆስፒታሉን መርፌ፣ ፋሻና ደም የነካው ጓንት ሲያቃጥል ስለኖረ ስሙን ያወጣለት ጥላሸቱ ነው። እሳት የማይፈራ ሰው ወረቀት ሲፈራ ማየት ያስቃል፤ እሱን ግን አላሳቀውም።

ምክር ቤቱ ባለፈው ወር አዲስ ደንብ አውጥቷል። የማቃጠያ ምድጃው ጭስ የሚያልፍበት ሁለተኛው ክፍል ሙቀቱ ከስምንት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ካነሰ የሚወጣው መርዝ ነውና ምድጃው እስኪጠገን ይዘጋል፤ ሙቀቱም በየሰዓቱ ይመዘገባል። የዚያ ክፍል ማንደጃ ደግሞ ከተበላሸ ከርሟል፤ የሙቀት መለኪያው ከአራት መቶ ሃያ አያልፍም። ጋሽ ከሰል ይህንኑ ቢነግረው የጽዳት ኃላፊው ሳቀበት።

«ቆሻሻው እሳት ካየ ምን ልዩነት አለው! አንተ ብቻ መዝገቡን በጥላሸት እንዳታጨማልቅብኝ። ምድጃው ከተዘጋ መጀመሪያ የምትባረረው አንተ ነህ።»

ስለዚህ ጋሽ ከሰል የራሱን ዘዴ ፈጠረ። ሰኞ ጠዋት አመድ ሳይነካ እጁን በሳሙና ይፈትጋል፤ አንዴ ቁጭ ብሎ የሳምንቱን ቁጥር እስከ ዓርብ ይሞላዋል። ስምንት መቶ ስልሳ፣ ስምንት መቶ ሰባ፣ ደግሞ ስምንት መቶ ስልሳ። ኃላፊው ወረቀቱ ንጹህ ስለሆነ ብቻ ይወደዋል።

ልጁ የምትኖረው ከአጥሩ ጀርባ ነው። የስድስት ወር ሕፃኗን ከተወለደች ጀምሮ ሳል አልለቀቃትም። መስኮቱን በላስቲክ ወጥሮ በምስማር የመታላት ራሱ ጋሽ ከሰል ነው፤ መስኮቱ ከተዘጋ ጭሱ አይገባም እያለ ራሱን ያታልላል። ፈሪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ክፉ ሰውማ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ከመኪናው የወረደችው ተቆጣጣሪ ገና ወጣት ናት። ኃላፊው «ለእንግዶች ደህንነት» ብሎ እሳቱን ከማለዳ ጀምሮ ስላስጠፋው የምታየው ቀዝቃዛ ብረት ብቻ ነበር።

«የጭስ መለኪያችን ገና አልተገዛም» አለች። «ለጊዜው የምንፈርደው በመዝገቡ ነው።»

ገጹን ገለጠች። ሰኞ። ማክሰኞ። ጋሽ ከሰል ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው፤ ዛሬ ገና ረቡዕ ጠዋት ነው፣ ከሥር ግን ረቡዕም ሐሙስም ዓርብም ተሞልተዋል። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ አመድ ሲዝቅበት ያረፈደውን መዳፉን ከገጹ ግርጌ ላይ ጣል አደረገ።

«ውይ አባቴ፣ አቆሸሹት እኮ!»

«እርጅና ነው፣ ልጄ።»

እጁን ሲያነሳ ረቡዕም ሐሙስም ዓርብም በጥላሸት ተውጠዋል። ተቆጣጣሪዋ ፈገግ ብላ ከላይ ፈረመች። ልጁን ጨምሮ በር ላይ ለሚጠብቁት የሰፈሩ ነዋሪዎችም ቁጥሮቹን አነበበችላቸው፤ ምድጃው ደንቡን አሟልቷል ብላ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ኃላፊው የጋሽ ከሰልን ትከሻ መታ አደረገ። «የተጠራቀመ ቆሻሻ አለ፣ ቶሎ በል።»

ጋሽ ከሰል እሳቱን ለኮሰ። ጭሱ ጥቁር ሆኖ ወጣና ወደ አጥሩ ዞረ። ፍርሃቱ ያልፋል ብሎ ነበር፤ አላለፈም። ስልኩ ጮኸ፤ ልጁ ናት።

«አባባ፣ ጭሱ ደህና ነው ተባለ! ላስቲኩን ቀድጄ ጣልኩት። ሕፃኗን መስኮቱ ሥር አስተኝቻታለሁ።»

መለኪያውን አየ። አራት መቶ ሃያ።

«ዝጊው! አሁኑኑ ዝጊው፣ ልጄ!»

«ምነው? ስምንት መቶ ስልሳ ነው እኮ። ሴትዮዋ ከመዝገቡ አነበበችልን።»

«መዝገቡን... የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ እንጂ፣ አባባ» አለችው እየሳቀች። «አንተ የጻፍከው ባይሆን መች እከፍተው ነበር?»